ከሞጆ እስከ ኦቦክ፦ የስምንት ቀን የመንገድ ማስታወሻ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ የሚገባው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል፤ አብዛኛውም የሚሄደው በዚህ አስፋልት ነው። በዚሁ አስፋልት ዳር ደግሞ ኦቦክ ከምትባለው የጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ከተማ አካባቢ ተሻግሮ በየመን በኩል ሳዑዲ ሊገባ በእግሩ ወደ ባሕር የሚወርድ ወጣት አለ። ስለ ሉላዊነት ሲወራ ዓለም ጠበበች፣ ድንበር ሳሳ ይባላል። አንትሮፖሎጂ ግን ጥያቄውን ከታች ይጀምራል። ለማን ነው የሳሳው? ማን ያልፋል፣ ማን ይቆማል? በዚህ መንገድ ላይ ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ማዕረግ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ማን ማንን እንደሚያስጠብቅ መቁጠር ይበቃል።

መነሻው ቅዳሜ ይሁን፤ ምክንያቱ በሦስተኛው ቀን ይታያል። ወራቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በክረምት የአፋር ቆላና የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ይያዛል፤ ለመኪናው ራዲያተር የሚሆነው ከዚህ ውጭ ነው። ፓስፖርትና ቪዛ አዲስ አበባ ላይ ያልቃል፤ ጋላፊ ላይ እጨርሰዋለሁ ብሎ መሄድ ቀን ያስበላል። በኬላና በወደብ አካባቢ ካሜራ አይወጣም። ከአዋሽ ወደ ሚሌ ያለው መንገድ ሰላም ይሁን አይሁን ከዋዜማው የከባድ መኪና ሾፌሮች ይጠየቃሉ፤ ከነሱ የቀረበ ወሬ ያለው የለም።

ቀን 1፣ ቅዳሜ፦ አዲስ አበባ – አዋሽ ሰባት ኪሎ

ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ነው። በቻይና ብድርና በቻይና ኩባንያ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ሞጆ ላይ ወጥቶ ደረቅ ወደቡን ከአጥሩ ውጭም ቢሆን ማየት ያስፈልጋል። ባሕሩ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ ኮንቴይነሩ እዚህ ተደራርቦ ይታያል።

በመልቲሞዳል የሚመጣ ዕቃ ከተጫነበት የውጭ ወደብ እስከ ሞጆ በአንድ የማጓጓዣ ሰነድ ይመጣል። ጅቡቲ ላይ አይከፈትም፤ እንደታሸገ በትራንዚት ያልፋል። ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ የዕቃ ማሳወቂያ) የሚሞላው፣ ፍተሻው የሚደረገው፣ ቀረጡ የሚከፈለው ሞጆ ነው። ችግር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ዕቃው ከወረቀቱ ሲቀድም ነው። አስመጪው ሰነዱን ከባንክ ሳያስለቅቅ ኮንቴይነሩ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የቦታ ኪራዩም የኮንቴይነር ማቆያውም በየቀኑ ይቆጠራል። የዕቃውን ስም አንድ ሰነድ ላይ እንዲህ፣ ሌላው ላይ እንዲያ ብሎ መጻፍም ሳምንት ያስፈጃል። ግን ቢዘገይም ሳጥኑ አይጠፋም። እያንዳንዱ ኮንቴይነር አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ያለው መለያ አለው። ከሰባቱ አኃዞች የመጨረሻው የሌሎቹን ትክክለኛነት ማረጋገጫ ነው፤ አንድ ፊደል ወይም አኃዝ ተሳስቶ ቢገባ ብዙውን ጊዜ ስሌቱ ይናገራል። የት እንዳደረ ይታወቃል፣ ኢንሹራንስ አለው፣ ቢበላሽ ተጠያቂ አለው። ይህን ቁጥር እስከ ስምንተኛው ቀን በልብ መያዝ ነው።

ከመተሐራ አጠገብ የበሰቃ ሐይቅ መንገዱንም የድሮውን ሐዲድም ደጋግሞ ገፍቷቸዋል። ማታ አዋሽ ሰባት ኪሎ ማደር።

ቀን 2፣ እሑድ፦ አዋሽ – ሚሌ

ቀጥ ያለና አድካሚ ቀን ነው። ከፊት የሚመጡት ተሳቢዎች እስከ 400 ኩንታል ጭነው ወደ ላይ ይጎተታሉ፤ አብረው የሚወርዱት በብዛት ባዷቸውን ናቸው። አገሪቱ የምታስገባው ከምትልከው እጅግ ስለሚበልጥ ወደ ጅቡቲ መውረጃው ጭነት የለውም። ለዚህ ነው ባዶ ተሳቢ ኬላ ላይ በጥርጣሬ የሚታየው። ሰው አሳፍሮ የተገኘ ሾፌር በሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውርና ድንበር ማሻገር አዋጅ (ቁጥር 1178/2012) ሊጠየቅ ይችላል፤ ልምድ ያለው ሾፌር መንገድ ዳር እጁን ለሚያነሳ ልጅ የማይቆመው ጨክኖ አይደለም።

አዋሽና ሚሌ ላይ የጉምሩክ ኬላ አለ። ወደ ላይ የሚሄደው የሚፈተሸው ለዕቃ፣ በተለይ ለሰልባጅ፣ ለሲጋራና ለኤሌክትሮኒክስ ሲሆን ወደ ታች የሚሄደው ደግሞ ለሰው ነው። ፈታሹ መታወቂያ ብቻ አያነብም። ዘመድ ጥየቃ ነው የምሄደው የሚል ልጅ ሻንጣ ከሌለው፣ አራት አምስት ሆነው ተራርቀው ከተቀመጡ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አዲስ ሸራ ጫማ ካደረጉ ነገሩ አለቀ። ሻንጣ አለመያዝ ደላላው የሚሰጠው ምክር ነው፤ ልጁን የሚያሲዘውም ያው ምክር ነው።

ከገዋኔ በኋላ ግራና ቀኙን የሞላው እሾሃማ ቁጥቋጦ ፕሮሶፒስ ይባላል። አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ከ50 ዓመት ገደማ በፊት በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ነበር የመጣው። ከብቱ ፍሬውን በልቶ ዘሩን ከፋንድያው ጋር በየሄደበት ስለሚጥለው የአዋሽን ዳር የግጦሽ መሬት ዋጠው። የአፋር አርብቶ አደር ስለ ሉላዊነት ከተጠየቀ መጀመሪያ የሚያሳየው ይህን ዛፍ ሊሆን ይችላል።

ቀን 3፣ ሰኞ፦ ባቲ

ከሚሌ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ወደ ወሎ ደጋ የሚወጣው መንገድ ባቲ ያደርሳል። ገበያው ሰኞ ነው፤ ቅዳሜ መነሳት ያስፈለገውም ለዚህ ነበር። አፋሩ ግመል፣ ፍየልና ጨው ይዞ ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው እህልና አትክልት ይዞ ይወርዳል። ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ሙቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው አቧራ ነው።

ከጌጥ ሻጮቹ ዘንድ ጠገራ ብር ይጠየቅ። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ 28 ግራም የሚመዝን የብር ሳንቲም ነው። የቱም ቢገላበጥ ዓመተ ምሕረቱ 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቀኑ ሳይቀየር ሲታተም ኖረ። ወሎና ሸዋ የሚያምኑት ይህን መልክ ስለሆነ ቀኑን መቀየር ገንዘቡን መግደል ነበር። እዚህ ላይ ዓለም አቀፉ ንግድ ለባላገሩ ምርጫ ተገዛ ማለት ይቻላል። ይሁንና ማተሚያው የነበረው ሌላ ሰው እጅ ነው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ በ1935 እ.ኤ.አ. የማተም መብቱን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አሳተመ፤ ብዙ ሳይቆይ ለንደንም ማተም ጀመረች። ሳንቲሙን የሚገዛ ሰው ጠርዙን በጥፍሩ ይዳብስ፤ እውነተኛው ጠርዝ ላይ ጎላ ያለ የላቲን ጽሑፍ ዙሪያውን ይሄዳል። በሻጋታ የተቀዳው ይህ ጽሑፍ ይደበዝዝበታል። አንገት ላይ ለማንጠልጠል ጆሮ የተበየደበት ደግሞ ለጌጥ እንጂ ለሰብሳቢ አይሆንም።

ዛሬ የባቲ ገንዘብ ሪያል ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ የትኛው ቤት "ዓረብ አገር ሰው እንዳለው" ከጣሪያው ይለያል። አዲሱ ቆርቆሮ፣ የብረት በሩ፣ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠው ያልተሰካ ፍሪጅ። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ "በቦሌ" ይባላል፤ ሌላው "በበረሃ"። በቦሌ ለመሄድ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የ8ኛ ክፍል ማስረጃና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያስፈልግ ነበር፤ ከተቀባዩ አገር ጋርም የሁለትዮሽ ስምምነት መኖር ነበረበት። የገጠሯ ልጅ ከ8ኛ ክፍል በፊት ስለምትወጣ መስፈርቱ ሊጠብቃት ታስቦ ወደ በረሃው ገፋት። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ሲያግድም የቆመው የቦሌው ብቻ ነው። እገዳው እስኪነሳ አራት ዓመት ያህል ደላላው ተወዳዳሪ አልነበረውም።

ለጉዞው የሚሆነው ገንዘብ ከእቁብ፣ ከበሬ ሽያጭ ወይም ቀድሞ ከሄደ ወንድም ይመጣል። ስለዚህ ጉዞው የልጁ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡ ያዋጣበት ነው፤ ባዶ እጁን መመለስም እንደ ዕዳ ይቆጠራል። "ዕድሉን ሊሞክር ሄደ" የሚለው አነጋገር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሲሳካ ዕድሉ ነው፤ ሳይሳካም ዕድሉ ነው። ደላላውን፣ አሠሪውንና ሁለቱን መንግሥታት የሚጠይቅ የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ወሬው የጠፋ ሰው ጉዳይ ነው። አስከሬን በሌለበት መርዶ ማን ይናገራል? በሙስሊሙ ዘንድ ሞቱ ከተረጋገጠ አስከሬኑ በሌለበት ሶላተል ጋኢብ ይሰገዳል፤ ሚስቱም ዒዳዋን፣ ባል የሞተባት ሴት የምትቆይበትን አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ትቆጥራለች። ካልተረጋገጠ ግን መቁጠሪያው ከየት ቀን ይነሳል? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት ሁለት ዓመት ወሬው የጠፋ ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲወሰን ማመልከት ይቻላል። ለዚህም የጠፋበትን ጊዜ የሚናገር ምስክር ያሻል፤ ምስክሩ ደግሞ አብሮት የሄደው ልጅ ነው፤ እሱም ሪያድ ወይም እስር ቤት ነው። የባቲ ዙሪያ ቤቶች የሚኖሩት እንዲህ እየጠበቁ ነው።

ቀን 4፣ ማክሰኞ፦ ሎጊያና ሰመራ

ወደ ሚሌ ተመልሶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ። ሰመራ የአፋር ክልል ዋና ከተማ ናት፤ ቢሮና ዩኒቨርሲቲ አላት። ሎጊያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ቀደም ብላ ያለች የመኪና ከተማ ናት፤ ሕይወቱ ያለው እዚያ ነው። ጎማ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ግቢ ውስጥ በረድፍ የተዘረጋ አልጋ። ማታ ቤት ውስጥ መተኛት ስለማይቻል ደጅ ይታደራል።

እዚህ ሁለት የወሬ መረብ ጎን ለጎን ይሠራል። አንዱ የአፋሮች ዳጉ ነው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት አፋሮች ሰላምታ ተለዋውጠው ይቀመጣሉ፤ ከየት እንደመጣ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደሞተ፣ ምን ዓይነት እንግዳ ሰው እንዳየ በቅደም ተከተል ይነጋገራሉ። ያዩትንና የሰሙትን ለይቶ መናገር ግዴታ ነው፤ ዳጉን ያጣመመ ሰው ስሙ ይጠፋል። በረሃ ውስጥ የወደቀ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ነው። ሁለተኛው የደላላው ስልክ ነው፤ ይኸኛው የሚሠራው በመደበቅ ነው። የባቲው ደላላ የሎጊያውን በቅጽል ስም ብቻ ያውቀዋል፤ የሎጊያው የኦቦኩን፣ የኦቦኩ የየመኑን። ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቃል የገባለት ሰው ከኋላው ይቀራል፤ ፊቱ ያለው ምንም ቃል አልገባም።

አደገኛው ውል "ስትደርስ ትከፍላለህ" የሚለው ነው። የሚሄደው ልጅ እንደ ውለታ ያየዋል። ዕዳው ግን የመን ላይ ለሚረከበው ሰው ይሸጣል፤ ልጁ ግቢ ውስጥ ተቆልፎ፣ እየተደበደበ፣ ወደ ቤት ስልክ ይደወላል፤ ቤዛው ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ገንዘቡ የሚከፈለው እዚሁ አገር ውስጥ ለደላላው ወኪል ሲሆን ሂሳቡ ከባንክ ውጭ በሆነ ሐዋላ ይወራረዳል፤ ብሩ ድንበር ስለማይሻገር ዱካው ይጠፋል። ቀድሞ የከፈለም ቢሆን አይድንም፤ ከፍሎ መሄድ የሚቀንሰው አደጋ ከሚታሰበው ያነሰ ነው።

ቀን 5፣ ረቡዕ፦ ጋላፊ – ፒኬ 12

ጋላፊ ላይ የተሳቢው ሰልፍ ከድንበሩ ብዙ ቀድሞ ይጀምራል። ረዳቱ ተሳቢው ሥር ከሰል አያይዞ ወጥ ይሠራል፤ ሾፌሩ ጥላውን ተከትሎ ፍራሹን ያዞራል። የሚያስቆማቸው ጎሎ የተገኘ ወረቀት፣ የተቋረጠ ኔትወርክ ወይም የሁለቱ አገር የሥራ ሰዓትና በዓል አለመግጠም ነው፤ የጅቡቲ ቢሮዎች ዓርብ ዝግ ናቸው። የትንሽ መኪና ተሳፋሪ በሁለት ሰዓት ሊያልፍ ይችላል።

ከጋላፊ ጅቡቲ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዲኪል ላይ ሻይ፣ ከዚያ ፒኬ 12። ከከተማው መሐል 12ኛው ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ የኢትዮጵያ ሾፌሮች ጭነት የሚጠብቁበት ሰፈር ነው፤ አማርኛ ይበቃል። የማይበቃው ብር ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዶላር 177.721 ላይ ተቸንክሯል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ አበሉ በብር የተቆረጠለት ሾፌር ፒኬ 12 ላይ ያው ሩዝ በእጥፍ ሆነበት። ዱቄት፣ ሽሮና በርበሬ ከቤት ጭኖ መውረድ የቆየ ዘዴ ነው፤ አሁን ግን ግዴታ ሆኗል።

ቀን 6፣ ሐሙስ፦ ጅቡቲ ከተማ

አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባላት አገር የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓን፣ የጣልያንና የቻይና ጦር ሰፈሮች አሉ። የቻይናው በ2017 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ አሜሪካ በ2014 እ.ኤ.አ. ስምምነት ለጦር ሰፈሯ ለካምፕ ሌሞኒየር በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምታለች። ጅቡቲ የምታከራየው ቦታዋን ነው፤ የሚጠበቀውም ጅቡቲንና የመንን በሚለየው ጠባብ ባሕር፣ በባብ ኤል መንደብ፣ የሚያልፈው መርከብ ነው። በእንጨት ጀልባ የሚሻገረው ሰው ለዚህ ሁሉ ራዳር ቅርብ ነው።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከተማው ይነቃቃል። የሐረርጌ ጫት በየቀኑ የሚገባው ያኔ ነው። መኪናው ከዘገየ ቢሮው፣ ሱቁ፣ ታክሲው ሁሉ ደጅ ደጁን ያያል። በዚህ መንገድ ሁሉ ላይ የኢትዮጵያ ገበሬ ሌላውን ሲያስጠብቅ የሚታየው በዚህች አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

ቀን 7፣ ዓርብ፦ አሳል – ታጁራ

መንገዱ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ዞሮ ይሄዳል። ከዋናው መንገድ ታጥፎ አሳል ሐይቅ ይወረዳል፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር፣ ጨውነቱ ከውቅያኖስ አሥር እጥፍ ገደማ። እግረኞቹ ከተማውን ለመሸሽ በዚህ በኩል ያቋርጣሉ። በዚህ ሙቀት የሚሄድ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ላብ ሊያፈስ ይችላል፤ በእጁ የሚታየው ግን ሁለት ሊትር የማይሞላ የዘይት ጀሪካን ነው፤ ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ ባዶ ነው። ደላላው "ትንሽ ነው፣ ከዚያ ኮረብታ ማዶ ነው" ብሎ ስለሚሸኝ ማንም ውሃውን አይቆጥብም። ሐይቁን ከሩቅ አይቶ ውሃ አገኘሁ ብሎ የሚወርድ አለ። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ የተከመረባቸው ስም የሌላቸው መቃብሮች ይታያሉ።

ታጁራ ነጫጭ መስጊዶች ያሏት ጸጥ ያለች ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሸዋ አልዩ አምባ የሚነሱ የሲራራ ነጋዴዎች ጨርሰው የሚወርዱት እዚህ ነበር፤ ጭነታቸው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ነበር። ያንን ከዛሬው ጋር አንድ ነው ማለት ስንፍና ነው። ያ ባሪያ ተነድቶ ነበር የሚሄደው፤ የዛሬው ልጅ ወስኖ፣ ተበድሮ፣ ተመርቆ ነው የሚነሳው። የጋራ የሆነው የውሃ ጉድጓዶቹ መስመርና ወደ ባሕሩ በቀረበ ቁጥር የሰውየው ዋጋ በሌላ ሰው እጅ መተመኑ ነው።

ቀን 8፣ ቅዳሜ፦ ኦቦክ

ከታጁራ ኦቦክ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ የመን የሚያሻግረው ጠባቡ ባሕር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ጀልባዎቹ የሚነሱት በሌሊት ከኦቦክ በስተሰሜን ካሉ ሰው አልባ ዳርቻዎች ነው። የሚያሰጥመው በብዛት ሦስት ነገር ነው፤ ከልክ ያለፈ ጭነት፣ ከክረምቱ ጋር የሚነሳው ነፋስ፣ እንዲሁም ጠባቂ እንዳያገኛቸው የሚፈሩ አሻጋሪዎች ሰዉን ከዳርቻው ርቀው ማውረዳቸው። ዋና የሚችል የደጋ ልጅ ጥቂት ነው። በጥር 2019 እ.ኤ.አ. ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባ ተገልብጦ ከ50 ሰው በላይ ሞተ። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. አሻጋሪዎች 80 ሰው ባሕር ውስጥ ጥለው ቢያንስ 20ው አለቀ። በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ የመን የተሻገረው ከ138 ሺህ በላይ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሜዲትራንያንን ካቋረጠው 110 ሺህ ይበልጣል። የዓለም ካሜራ ግን ሜዲትራንያን ላይ ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ ማርካዚ የሚባል መጠለያ አለ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየመንን ጦርነት ሸሽተው በዚሁ ባሕር በተቃራኒው የመጡ የመናውያን ይኖሩበታል። ወደዚያው ወደ የመን ለመሄድ ግራር ሥር የተኮለኮሉት ኢትዮጵያውያን በዚህ መጠለያ አጠገብ ያልፋሉ። ስለ ጦርነቱ አያውቁም ማለት ስህተት ነው፤ ብዙዎቹ ሰምተዋል። "መንግሥት በሌለበት ፈታሽ የለም" የሚለውን የደላላ ወሬ ግን አምነዋል።

መመለስ ለሚፈልግ ኦቦክ ላይ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ማእከል አለ። ውሃ፣ ሕክምናና ምዝገባ ይሰጣል። የሚያዘገየው ወረቀት ነው። ልጁ መታወቂያውን ወይ ቤቱ ትቶታል፣ ወይ ደላላው ወስዶታል፣ ስሙንም እስከዚህ ሁለት ጊዜ ቀይሯል። የጉዞ ሰነድ የሚሰጠው ኢትዮጵያዊነቱ ሲረጋገጥ ነው፤ ማስረጃ የሌለው የሚረጋገጠው በቃል ነው። ወረዳህ? ቀበሌህ? ሊቀመንበሩ ማን ይባላል? ከቤትህ እስከ አስፋልቱ ስንት ሰዓት ነው? የገበያችሁ ቀን መቼ ነው?

"ሰኞ።"